ጎማ ያለው ወርክሾፕ

ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪያችን የተበላሸ የሶላር ፋኖስ ይዞ ወደ ክፍል መጣ። ፋኖሱ ገጠር ያሉት አያቱ ነበር። መብራቱ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እሳቸውም ወደ ጭሳሙ ኩራዝ ተመልሰዋል። አገላብጠን ብናየው የሚፈታ ብሎን የለውም። ዳር ዳሩ በሙጫ ተጣብቋል። ሠሪው «ሲበላሽ ጣሉት» ያለን ያህል ነበር።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ የምናወጋችሁ እንዲህ ያለውን የተዘጋ ዕቃ አንቀበልም ስላሉ ሰዎች ነው።

«ሀከር» ሲባል ብዙዎቻችን የሰው ገንዘብ የሚሰርቅ ሌባ ይታየናል። ነገር ግን ቃሉ ዕቃን ከፍቶ አሠራሩን የሚመረምር፣ ለሌላ ጥቅምም የሚያውል ሰው ማለትም ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች መሣሪያ እየተጋሩ የሚሠሩበት ቤት «ሀከርስፔስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በርሊን ውስጥ የተመሠረተው ሲ-ቤዝ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ወርክሾፕ ጎማ ያወጣበት ጊዜም አለ። የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ2007 መቁረጫና መቅረጫ ማሽኖችን በተጎታች ላይ ጭኖ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ወርክሾፕ አዘጋጅቷል። አሮጌ አውቶቡስ ገዝተው፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ገጥመው፣ ከመብራት መስመር ውጭ እየኖሩ የሚሠሩም አሉ።

የነዚህ ሰዎች ኑሮ በሒሳብ ነው። 100 ዋት የሆነ የሶላር ሰሌዳ በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 400 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል። 40 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ለአምስት ሰዓት 200፣ ባለ 5 ዋት ሦስት አምፖል ለአራት ሰዓት 60፣ ባለ 40 ዋት መበየጃ ለአንድ ሰዓት 40፣ ባለ 10 ዋት የኢንተርኔት ማሰራጫ ለአሥር ሰዓት 100፤ በቃ፣ አለቀ። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ግን ከ3000 ዋት በላይ ስለሚስብ የቀኑን ገቢ በአሥር ደቂቃ ጠራርጎ ይበላዋል።

ሁለተኛው መመሪያቸው እውቀትን አለመቆለፍ ነው። ማርሲን ጃኩቦውስኪ የተባለ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ሰው በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት እርሻ ጀመረ። የገዛው ትራክተር ተበላሸ፤ አስጠገነው፤ ደግሞ ተበላሸ፤ ገንዘቡም አለቀ። በኋላ የራሱን ትራክተር ሠርቶ ንድፉን ማንም እንዲገለብጠው በነፃ አወጣ። «ኦፕን ሶርስ ኢኮሎጂ» የተባለው ድርጅቱ የትራክተርና የጡብ መምቻን ጨምሮ 50 ማሽኖችን በዚሁ መንገድ ለመሥራት ተነሥቷል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ስለ ሰዓቶችና ስለ ውኃ ማንሻዎች የጻፈውን መጽሐፍ ሲፈጽም፣ ሌላ ባለሙያ ሊሠራቸው እንዲችል አገጣጠማቸውን ከነሥዕሉ አስፍሯል።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ባለ አውቶቡሶቹ ከመስመር የወጡት በምርጫቸው ነው፤ ሲሰለቻቸው ወደ ከተማ ይመለሳሉ። የተማሪያችን አያት ዘንድ ግን መስመሩ ጭራሽ አልደረሰም። ለነሱ ሙከራ የሆነው ለእሳቸው ኑሮ ነው። ስለዚህ ተከፍቶ የሚጠገን ዕቃ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእሳቸው ነው።

ፋኖሱንስ ምን አደረግነው? ሙጫውን በቢላዋ ፈለቀቅነው፤ ክዳኑም በእጃችን ተሰነጠቀ። ውስጡ የተገኘው ችግር ከቦታው የተላቀቀ አንድ ቀጭን ሽቦ ብቻ ነበር! አንድ ጠብታ እርሳስ ጨርሶታል። ሁለት ዓመት ጨለማ በአንዲት ሽቦ!

ወላጆች ሆይ! ፋኖስ ስትገዙ ብሎን እንዳለው፣ ባትሪውም የሚለወጥ መሆኑን ጠይቁ። ልጆቻችሁም የተበላሸ ዕቃ ከፍተው ይዩ፤ መብራት ላይ የተሰካንና ባትሪው ያበጠን ግን አይንኩ። ተማሪያችን ክዳኑን በገመድ አስሮ ፋኖሱን ለአያቱ ወስዶላቸዋል። አሁን ደግሞ የጎረቤቶቻቸውን ሦስት ፋኖሶች ይዞልን መጥቷል። ኢንሻ አላህ፣ ቅዳሜ አብረን እንከፍታቸዋለን።