ሠላሳ ገጽ፣ አንድ ቀሚስ፦ ፓተርንን ልኩ ሳይዛባ ወደ ቬክተር መመለስ

ከኢንተርኔት የቀሚስ ፓተርን የገዛ ሰው የሚደርሰው አንድ ፒዲኤፍ ነው። ሲከፈት ሠላሳ፣ አርባ ገጽ ይሆናል። በየገጹ የተቆረጡ ቅስቶች፣ ነጠብጣብ መስመሮችና የማዕዘን ምልክቶች ተበትነዋል። እጅጌው ገጽ 7 ላይ ጀምሮ ገጽ 13 ላይ ያልቃል፤ ኮሌታው አራት ገጾች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተኝቷል። የተለመደው መፍትሔ ሁሉንም ማተም፣ ጠርዙን መከርከም፣ በፕላስተር ማያያዝና መሬት ላይ መዘርጋት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ገጾቹን ኮምፒውተር ውስጥ አገጣጥሞ፣ የተበጣጠሰውን መስመር አንድ አድርጎ፣ ልኩን አረጋግጦ ወደ ንጹህ የቬክተር ሥዕል መለወጥ ይቻላል። ይህን ሥራ ብዙዎች ኮፒ እንደ ማድረግ ይቆጥሩታል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ግን ደርዝ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ፣ ሚሊ ሜትር የማይለቅ መሐንዲስም መሆን አለበት። የሚገባውን ክብር ያላገኘ ሙያ ነው።

ቬክተር ማለት በመነሻ፣ በመድረሻና በቀመር የተያዘ መስመር ነው፤ የፈለጉትን ያህል ቢያሳድጉት አይደበዝዝም። ስለ ቃሉ ይህ ይበቃል።

የወረቀት ፓተርን ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር በተሪክ በተለያየ የሰውነት መጠን የተዘጋጁ ፓተርኖችን መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። በጀርመኗ ኦፈንቡርግ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው ቡርዳ መጽሔት ደግሞ ብዙ ልብሶችን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ደራርቦ በማተም ይታወቃል፤ ባለሙያዋ የራሷን መስመር ከመስመሮች መካከል እየለየች በሌላ ወረቀት ላይ ትገለብጠዋለች። ፒዲኤፍ ሲመጣ ፓተርኑ ወደ ቤት አታሚ ገባ፤ አብዛኛው የቤት አታሚ ደግሞ ከኤ4 በላይ አይችልምና ሥዕሉ ተቆራረጠ።

የገጾቹ መቆራረጥ እንግዲህ የመጣው ከአታሚው እንጂ ከዲዛይነሯ አይደለም። እሷ የሣለችው አንድ ሙሉ ሥዕል ነው። በዚህም ምክንያት በብዙ ፋይሎች ውስጥ እያንዳንዱ ገጽ ሙሉውን ሥዕል ይዞ፣ በገጹ ልክ በተከፈተ መስኮት ብቻ ያሳያል። እንዲህ ያለውን አንድ ገጽ ኢንክስኬፕ በተባለው የቬክተር ሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ከፍቶ መስኮቱን ማንሳት በቂ ነው። የተሸሸገው እጅጌ፣ ጀርባው፣ ኪሱ ሁሉ ከገጹ ውጭ ተዘርግቶ ብቅ ይላል፤ ማገጣጠም የሚባል ሥራ አይኖርም። ይህን ሳይሞክር ሠላሳ ገጽ አንድ በአንድ የሚደረድር ሰው ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል። መስኮቱ ሲነሳ ምንም ካልወጣ ደግሞ ፒዲኤፍ ስቲቸር የተባለው ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የረድፉንና የዓምዱን ብዛት፣ የጠርዙን መደራረብ ነግረው ገጾቹን ወደ አንድ ትልቅ ገጽ ያገጣጥሙበታል። ዲዛይነሯ እያንዳንዱን መጠን በየራሱ ሌየር (ንብርብር) ካስቀመጠችውም፣ የማይፈለጉትን መጠኖች እዚያው ማጥፋት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የልክ ጉዳይ ነው። ጨርቅ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት የታየ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አንዲት ልብስ ሰፊ የደንበኛዋን የሠርግ ቀሚስ ፓተርን በፍላሽ ይዛ መጣች። አታሚው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አውጥቶ፣ «ገጹን እንዲሞላ አድርጌዋለሁ እህቴ፣ ምንም አልተቆረጠም» አላት። ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ካሬ ለካች።

«10 ሴንቲ ይላል፤ ይኼ 9 ከ7 ነው» አለችው።

«ሦስት ሚሊ ምን አላት?»

«ደረቷ 100 ነው። ሦስት ሴንቲ ጠበበ ማለት ነው፤ ዚፑ አይዘጋም» አለችና በ100 በመቶ እንደገና አሳተመች።

ያቺ ባለሙያ በአንድ ልኬት የጠረጠረችው ነገር ሙሉ ማብራሪያ አለው። ፋይሉ የተዘጋጀው በአሜሪካና በካናዳ ለተለመደው ሌተር ለተባለ ወረቀት ነበር። ሌተር 215.9 በ279.4 ሚሊ ሜትር ነው። በኢትዮጵያ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራበት ኤ4 ግን 210 በ297 ነው። በወርዱ ሰፋ ያለው የሌተር ገጽ ኤ4 ላይ «እንዲሞላ» ሲታዘዝ ወደ 97.3 በመቶ ይወርዳል። በተቃራኒው ለኤ4 የተዘጋጀ ፋይል ዋሽንግተን ያለች እህት ቤት ሌተር ላይ ሲታተም ቁመቱ አልበቃ ብሎ ወደ 94.1 በመቶ ይወርዳል። አታሚው የራሱን ባዶ ጠርዝ ከተወ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 94.1 በመቶ ማለት የ100 ሴንቲ ደረት 94 ሆነ ማለት ነው። በቡርዳ የመጠን ሰንጠረዥ ከ36 ወደ 38፣ ከ38 ወደ 40 ሲሄዱ የደረቱ ልዩነት 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ልብሱ ከአንድ መጠን በላይ ጠብቧል።

ሰዎች የልክ ስህተትን እንደ ዕድል ያዩታል፤ ሥዕሉ ትንሽ ያነሰ ሲመስላቸው በዓይናቸው ትንሽ ያሳድጉታል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። የልክ ስህተት ምክንያት አለው፤ እያንዳንዱ ምክንያት ደግሞ የራሱን ቁጥር ትቶ ይሄዳል። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ፋይሉ የት እንደተበላሸ ማወቅ ይችላል።

የተለካው ከትክክለኛው 75 በመቶ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ የኢሉስትሬተር ነው። ያ ፕሮግራም አንድን ኢንች በ72 ነጥብ ይቆጥራል፤ ኢንክስኬፕ ደግሞ በ96 ፒክስል። 72 ለ96 ሲካፈል 0.75 ይሆናል። መድኃኒቱ በትክክል ወደ 133.333 በመቶ ማሳደግ ነው።

93.75 በመቶ ከተገኘ ፋይሉ አሮጌ ነው። ኢንክስኬፕ እ.ኤ.አ. በ2017 እስከወጣው 0.92 ድረስ ኢንችን የሚቆጥረው በ90 ፒክስል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ 96 ተሻገረ። በድሮው የተሣለ ሥዕል በአዲሱ ሲከፈት በዚያው ልክ ሊያንስ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። 93.75 እና ቀደም ሲል ያየነው 94.1 (በትክክል 94.07) በጣም ይቀራረባሉ። በ10 ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ልዩነታቸው 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ማስመሪያ አይለያቸውም፤ በአንድ ሜትር ቀሚስ ላይ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከመለካት ጋር መጠየቅም ያስፈልጋል፦ ይህ ፋይል ታትሞ ነው የተቃኘው ወይስ ከአሮጌ ፕሮግራም ነው የመጣው?

የ25.4 እጥፍ ልዩነት ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ ዲኤክስኤፍ የተባለው የፋይል ዓይነት ነው። በብዙ የዚህ ዓይነት ፋይሎች ውስጥ ቁጥር እንጂ የመለኪያ አሃድ አይጻፍም፤ ኢንቹን ሚሊ ሜትር ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም የአንድ ሜትር ቀሚስን ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ያደርገዋል። ይህ ስህተት ጉዳት የለውም፤ ማንም በዚያ ልክ ጨርቅ አይቆርጥም። ጨርቅ የሚበላው ዓይን የማይይዘው የ3 እና የ6 በመቶ ስህተት ነው።

የካሬው አለካክም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ5 ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ንባብ 1 በመቶ ነው፤ በአንድ ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ትንሿ ካሬ ጥርጣሬ ለማንሳት ትበቃለች፤ ልክ ለማስተካከል ግን ርዝመቱ የታወቀ ረጅም መስመር ይሻላል። ወርዱና ቁመቱ ሁለቱም ይለኩ፤ አንዳንድ አታሚ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይስባልና። ሥዕሉ ሲስተካከልም የወርድና የቁመት ቁልፉ ተዘግቶ መሆን አለበት። ወገቡ እስኪገጥም ድረስ በጎን ብቻ የሚጎትቱ ሰዎች የብብቱን ቅስት አብረው ያበላሻሉ።

ኮምፒውተር ውስጥ መለካት ከማስመሪያ ይበልጣል ብሎ የሚዘናጋም አለ። ኢንክስኬፕ በተለመደው አሠራሩ የአንድን ቅርጽ መጠን ሲናገር የመስመሩን ውፍረት ይጨምራል። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስመር የተሣለ የ50 ሚሊ ሜትር ካሬ 51 ተብሎ ይነበባል። ይህን «አስተካክሎ» ሁሉንም ወደ 50 የሚያወርድ ሰው ትክክለኛውን ፓተርን በራሱ እጅ 2 በመቶ ያሳንሰዋል። በምርጫዎቹ ውስጥ የቅርጹን እውነተኛ ድንበር ብቻ እንዲለካ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህን ሳያደርጉ ልክ መንካት አይገባም።

ልኩ ከተረጋገጠ ጽዳቱ ይቀጥላል። ፒዲኤፉ ከመጀመሪያውም በፎቶ የተሞላ ከሆነ፣ ማለትም ሲያሳድጉት ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ከሠራ፣ መስመሩ እንደገና መሣል አለበት። ፕሮግራሙ በራሱ ያውጣው የሚሉ ሰዎች ይበዛሉ። የተለመደው የማውጫ መሣሪያ ግን የጥቁር ቦታን ዙሪያ ስለሚከተል ከአንድ መስመር ሁለት መስመር ይወልዳል፤ አንዱ በግራው፣ ሌላው በቀኙ። የትኛው ነው መቁረጫው? ሁለቱም አይደሉም፤ መቁረጫው መሐላቸው ነው። ነጠብጣብ መስመሮችም ሌላ ጣጣ አላቸው። አንዳንድ ፕሮግራም እያንዳንዷን ሰረዝ ለብቻዋ መስመር አድርጎ ይልካታል፤ አንድ የእጅጌ ጠርዝ መቶ ቁራጭ ይሆናል። በላዩ ላይ አንድ ንጹህ መስመር ሠርቶ ቁርጥራጩን መሰረዝ ይቀላል።

የጥሩ ሠራተኛ እጅ የሚታወቀው በቅስት ነው። በራስ-ሰር የወጣ የአንገት ቅስት በብዙ ነጥቦች ይሞላና ሲቆረጥ ይንቀጠቀጣል፤ ባለሙያ ግን በሁለት፣ በሦስት ነጥብ ይጨርሰዋል። ሊታይ የሚገባው ቦታ ቅስቱ የማጠፊያውን መስመር የሚነካበት ነው። ከነጥቡ የሚወጣው መሪ ክንድ ለማጠፊያው በትክክል 90 ዲግሪ መሆን አለበት። ጥቂት ዲግሪ ወደ ላይ ካዘነበለ ጨርቁ ተዘርግቶ ሲታይ የአንገቱ መሐል ሹል ይሆናል፤ ወደ ታች ካዘነበለ ደግሞ መሐሉ ጉብ ይላል። ወረቀት ላይ አይታይም፤ የተሰፋ ልብስ ላይ ግን ከሩቅ ይታያል።

መጨረሻ ላይ የሚጋጠሙ ደርዞች ይለካሉ። የፊቱ ጎንና የኋላው ጎን አንድ ርዝመት ካልሆኑ አንዱ ተንቀሳቅሷል። የእጅጌው አናት ከብብቱ ዙሪያ ትንሽ መብለጡ ግን ትክክል ነው፤ ያንን «ማስተካከል» አያስፈልግም። የጨርቁ ክር አቅጣጫ፣ የመጋጠሚያ ጭረቶችና የስፌት ትርፉ በየራሳቸው ሌየር ይቀመጡ።

ንጹህ ፋይል ያለው ሰው ብዙ በር ይከፈትለታል። የሕንፃ ፕላን በሚያትሙ ቤቶች በኤ0 ወረቀት፣ ማለትም በ841 በ1189 ሚሊ ሜትር ያለ ፕላስተር ማሳተም ይችላል። በፕሮጀክተር በቀጥታ ጨርቁ ላይ አብርቶ መቁረጥም ይቻላል። መጠን ለመቀየርና ለደንበኛ ሰውነት ለማስተካከልም ይመቻል።

ፋይሉ ንጹህ ሆነ ማለት ግን የራስ ንብረት ሆነ ማለት አይደለም። ለግል አገልግሎት የተሸጠን ፓተርን አጽድቶ በቴሌግራም መበተን የዲዛይነሯን እንጀራ መንጠቅ ነው።

ዲዛይነሮችም የሚጠየቁት ነገር አለ፦ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የ10 ሴንቲ ሜትር ካሬ ያስቀምጡ፣ የኤ4 እና የሌተር ፋይል ለየብቻ ይስጡ፣ መጠኖቹን በሌየር ይለዩ። አንባቢ ደግሞ ካሬው ያለበትን ገጽ ብቻ አስቀድሞ በ100 በመቶ ያትም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ለክቶ 10 ሴንቲ ሜትር ካላገኘ የቀረውን ገጽ አያትም፣ ጨርቁንም አይንካ።