ሰዓቱን ገልብጡት!

እጃችሁ ላይ ሰዓት ካለ እስቲ አሁኑኑ አውልቁት። ፊቱን ተዉት፤ እሱን በየቀኑ ታዩታላችሁ። ገልብጡና ጀርባውን እዩ። በጥቃቅን ፊደልና ቁጥር የተሞላ የብረት ክዳን ነው አይደል? እነዚያ ጽሑፎች ምን እንደሚሉ ሰሞኑን ደርሼበት፣ ለማን ልንገር እያልኩ ስቁነጠነጥ ነው የከረምኩት። የእጅ ሰዓት በርካሽ የሚገኘው በክርክር ይመስለናል። ክርክር የሚያስቀንሰው ግን ትንሽ ነው። ትልቁን ቅናሽ የሚያገኘው ጀርባውን ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ኑ፣ አብረን እናንብብ።

ከቀላሉ እንጀምር፣ ከብረቱ። ብዙ ሰዓቶች ላይ «ስቴንለስ ስቲል» ተብሎ ይጻፋል፤ የማይዝግ ብረት ነው ለማለት ነው። ጥሩ። አንዳንዶቹ ላይ ግን ከሱ ቀጥላ «ባክ» የምትል ነገር አለች። ልብ በሉ! የማይዝገው ክዳኑ ብቻ ነው ማለታቸው ነው። ከፊት የሚያብረቀርቀው አካል ርካሽ ብረት ተለብጦ ሊሆን ይችላል። «ቤዝ ሜታል» የሚል ከተጨመረበትማ ሰዓቱ ራሱ ተናዘዘ። እንዲህ ያለው ላብ ሲበዛበት ልባጩ ይላጣል። አትግዙት አልልም፤ እንደ ሙሉ ብረት ዋጋ ግን አትክፈሉበት። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። «30 ሜትር» የሚል ብታዩ 30 ሜትር ጥልቀት ዋኙበት ማለት አይደለም። እጅ ስትታጠቡ ቢረጠብ ምንም አይሆንም ማለት ነው። ለዋና ቢያንስ 100 የሚለውን ፈልጉ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የአባቶቻችንን ሴይኮ ታስታውሳላችሁ? የድሮ ሴይኮ ስትገለብጡ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። አንደኛው መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው፤ ለምሳሌ 6309-7040። ከሰረዙ በፊት ያለው የማሽኑ መለያ ነው፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ደግሞ የአካሉ። ሁለተኛው ቁጥር ስድስት ቦታ ያለው ነው፤ 1ዲ0456 ነው እንበል። ሰው ሁሉ ተራ ቁጥር እየመሰለው ነው የሚያልፈው። ግን እዩት! የመጀመሪያዋ 1 ሰዓቱ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ናት። ሁለተኛዋ ወሩን ትናገራለች። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ከ1 እስከ 9 ይጻፋል። ከዚያስ? 10፣ 11 እና 12 በአንዲት ቦታ አይገቡም። ጃፓኖቹ ታዲያ የኦክቶበርን፣ የኖቬምበርንና የዲሴምበርን የመጀመሪያ ፊደል አስገቧቸው፤ ኦ፣ ኤን፣ ዲ። ስለዚህ 1ዲ ማለት በ1 የሚያልቅ ዓመት፣ ወሩም ዲሴምበር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።)

በ1 የሚያልቅ ዓመትማ ስንት አለ፣ ትሉኛላችሁ። ቆይ! ነገሩ ቁልጭ የሚለው እዚህ ጋ ነው። ከሰረዙ በፊት ያለውን ማሽን አስታወሳችሁት? 6309-7040 የጠላቂ ዋናተኞች ሰዓት ነው፤ የተሠራውም ከ1976 እስከ 1988 ባለው ጊዜ ነው። በዚያ መሃል በ1 የሚያልቅ ዓመት አንድ ብቻ ነው፤ 1981! አጃኢብ እኮ ነው! ወረቀት የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ የልደት ቀኑን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይዞራል። እርግጥ ቁጥሩ በ7 ቢጀምር 1977 ይሁን 1987 ከዚህ ብቻ አይታወቅም፤ ያኔ ሌላ ምልክት መፈለግ ነው።

ይሄ ለኪሳችን ምን ይጠቅማል? ሻጩ «ይሄ የ1975 ዕቃ ነው፣ ብርቅ ነው» ብሎ ዋጋ ሲሰቅል፣ እናንተ ገልብጣችሁ 6309 ታያላችሁ። በ1975 ያ ሰዓት ገና አልተወለደም! ዋጋው እዚያው ይወርዳል። ግልባጩም አለ፤ ሻጩ ተራ አሮጌ ሰዓት የመሰለው፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፊታችሁን አታሳዩት። ደግሞ ፊቱን ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩ፣ ከ6 ቁጥር በታች ጠርዙ ላይ አጉሊ መነጽር የሚያስፈልጋት ጽሑፍ አለች። አብዛኛውን ጊዜ እሷም በማሽኑ ቁጥር ነው የምትጀምረው። ጀርባው 6309 ብሎ ፊቱ 7019 ካለ፣ ከሁለት ሰዓት ተገጣጥሞ የተሠራ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

የድሮ ዕቃ ለማትወዱት ካሲዮ አለላችሁ። ከ1989 ጀምሮ እስካሁን የሚሸጠውን ኤፍ-91ደብሊው፣ ያን ቀጭን ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሳታውቁት አትቀሩም። ጀርባው ላይ 593 የሚል ቁጥር አለ፤ የማሽኑ መለያ ነው። ፌክ መሆኑን ለመለየት ደግሞ በስተቀኝ ያለችውን ብቸኛ ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ያህል ተጫኑና ጠብቁ። መስኮቱ ላይ ሰዓቱ ጠፍቶ የካሲዮ ስም ይወጣል! ብዙዎቹ ፌኮች ይህን አያደርጉም።

ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ውስጡ ኳርትዝ የሚባል የድንጋይ ስንጣሪ አለ። ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲልክበት ይንቀጠቀጣል፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ። ለምን 32,768? እስክሪብቶ አምጡ። ለሁለት ስታካፍሉት 16,384 ይሆናል። እንደገና ለሁለት፣ 8,192። እያላችሁ ቀጥሉ። 15ኛው ላይ ምን ይቀራል? 1! አንድ ሰከንድ! ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰርኪዩት ከንዝረቱ ሰከንዱን የምታወጣው እንዲህ በግማሽ በግማሽ እየቆረጠች ነው። የኳርትዝን ዘዴ መጀመሪያ በእጅ ሰዓት ለገበያ ያቀረበው የሴይኮ አስትሮን ዲሴምበር 25 ቀን 1969 ቶኪዮ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በጊዜው ትንሽ መኪና የሚያስገዛ ገንዘብ። ዛሬ ያው ዘዴ በየሱቁ ተንጠልጥሏል።

ሒሳቡን ደግሞ እዩልኝ። ኮስክ የሚባለው የስዊዘርላንድ መርማሪ ተቋም፣ ባትሪ ለሌላቸው ውድ ባለጥርስ ሰዓቶች የትክክለኛነት ምስክር ወረቀት ሲሰጥ፣ ማሽኑ በአማካይ በቀን እስከ 4 ሰከንድ ቢዘገይ ወይም እስከ 6 ሰከንድ ቢቀድም ያልፋል። በቀን 6 ማለት በ30 ቀን 180 ሰከንድ፣ ሦስት ደቂቃ ነው። ካሲዮ ለዚያ ፕላስቲክ የሚለው ግን በወር 30 ሰከንድ! ሰዓት ስንት እንደሆነ ማወቅ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከዚህ በላይ የምትከፍሉት ለስሙና ለውበቱ ነው። ለውበት መክፈል ነውር የለውም፤ ዋናው ለምን እንደምትከፍሉ ማወቁ ነው።

ስም ስል፣ አሁን የምነግራችሁ ሲገባኝ ሳቄ ነው የመጣው። በየመስታወቱ የምናያቸው ዘናጭ ስም ያላቸው ሰዓቶች፣ ስማቸው በልብስና በቦርሳ የታወቀው፣ ብዙዎቹ ማሽናቸውን ራሳቸው አይሠሩም፤ ይገዛሉ። ሰዓት ሠሪው ሲቲዝን፣ ሚዮታ 2035 የሚባል ቀላል የኳርትዝ ማሽን አለው፤ እሱ የሌለበት ቦታ የለም። ከአንድ ምጣድ የወጣ እንጀራ ትልቅ ሆቴልም ትንሽ ምግብ ቤትም ቢቀርብ፣ ሒሳቡ ላይ የሚለያየው ጠረጴዛው ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ውስጡ ምን ማሽን አለ?» በሉ። መልሱ ሚዮታ 2035 ከሆነ፣ ያንኑ ማሽን የያዘ ሌላ ሰዓት ስንት እንደሚሸጥ እዩና አወዳድሩ። ልዩነቱ የስም ዋጋ ነው።

ግን አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ማሽን፣ ኦሪጅናል ሆኖ ሁለት ዋጋ ሲኖረውስ? እዚህ ላይ አሜሪካን አገር ፍርድ ቤት የደረሰ አንድ ታሪክ አለ፤ የሚገርመው እሱም የጀርባ ታሪክ ነው። ሰዓት ሠሪው ኦሜጋ፣ ሲማስተር የሚባለውን ሰዓቱን አሜሪካ ውስጥ በ1,995 ዶላር እንዲሸጥ ይመክር ነበር። ኮስትኮ፣ ያ ሩዝና ዘይት በጅምላ የሚሸጠው፣ ያንኑ ሰዓት በ1,299 ዶላር ሸጠው። ከየት አመጣው? ኦሜጋ ለውጭ አገር አከፋፋዮች የሸጣቸው ሰዓቶች ከእጅ ወደ እጅ አልፈው፣ በአንድ የኒውዮርክ ድርጅት በኩል ኮስትኮ ዘንድ ደረሱ። ፌክ አይደሉም፣ የተሰረቁም አይደሉም። ታዲያ ኦሜጋ በምን ይክሰስ? የሰዓቱ ጀርባ ላይ የተቀረጸች ሚጢጢ የሉል ሥዕል ነበረች። «ሥዕሏ የፈጠራ ሥራችን ናት፣ ያለፈቃዳችን አሜሪካ አታስገቡም» ብሎ በቅጂ መብት ከሰሰ! ሰዓት ለመከልከል ሥዕል! ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 ዳኞቹ 4 ለ 4 ተከፈሉ። ወደ ታች ተመልሶ ሲንከባለል ቆይቶ በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለኮስትኮ ፈረደለት።

ዛሬም ከታወቀው ወኪል ውጭ በቅናሽ የሚሸጡ ኦሪጅናል ሰዓቶች ብዙዎቹ በእንዲህ ያለ መንገድ የመጡ ናቸው። ወኪሉ ዘንድ የተከማቸ ዕቃ በጎን ይወጣል፤ ገዢው ይጠቀማል። የሚያጣው አንድ ነገር ነው፤ የፋብሪካውን ዋስትና። ሻጩ የራሱን ዋስትና ሊሰጥ ይችላል፤ ያ ግን የሚሠራው ሱቁ ባለበት ቦታ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ካሰባችሁ ይህን አትርሱ። ሰዓቱ አዲስ አበባ ላይ ቢቆም፣ የዱባይ ሱቅ ዋስትና እዚህ ጥቅሙ እምብዛም ነው። ለኳርትዝ ብዙ አያስጨንቅም። ለውድ ባለጥርስ ሰዓት ግን ያስጨንቃል።

ባለጥርስ ሰዓት ደግሞ የጽዳትና የዘይት ወጪ አለው፤ በጥቂት ዓመታት አንዴ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። ለአሮጌ ሴይኮ የተጠየቃችሁት ገንዘብ ላይ የማሳጠቢያውን ደምሩበትና ከአዲሱ ዋጋ ጋር አስተያዩት። አንዳንዴ አዲሱ ይረክሳል። ድምሩን ካያችሁ በኋላም አሮጌው ካማራችሁ፣ ሻጩን ይዛችሁ ፒያሳ ወይም ሰፈራችሁ ያለ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሂዱ። ክዳኑን ከፍቶ ማሽኑን ይይላችሁ፤ ዝገት ካለ፣ ውሃ ገብቶ ከነበረ፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ማሽንና ውስጥ ያለው አንድ ከሆነ ይነግራችኋል። ሻጩ ክዳኑ አይከፈትም ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።