የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኢትዮጵያ ከተሞች ነርሶች ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ የጤና ትምህርትና የበሽታ መከላከል አገልግሎት የሚሰጡበት የመንግሥት ፕሮግራም ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከሚሠራባቸው አካባቢዎች አንዱ መርካቶ የሚገኝበት የአዲስ አበባው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው።

ታሪክ

በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያዎችን ከማሠልጠን ረገድ ቀደምት ከሆኑት ተቋማት አንዱ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የገጠሩ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በዚህም 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ።

ሥልጠና

ለከተማው ፕሮግራም የተመለመሉት በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶች ሲሆኑ ተጨማሪ የሦስት ወር ሥልጠና ይሰጣቸው ነበር። በጤና ጣቢያ ነርሷ ወደ እርሷ የመጣውን ታማሚ ትረዳለች፤ በዚህ ሥራ ግን ገና ያልታመመውን ሰው ፈልጋ ታገኛለች። የሥራው ይዘት የግልና የአካባቢ ንጽሕናን፣ የቤተሰብ ጤናን፣ ተላላፊና ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን መከላከልን እንዲሁም የመጀመሪያ ዕርዳታን ያካትታል። በመነሻው ዕቅድ አንዲት ባለሙያ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እንድትከታተል ታስቦ ነበር።

በመርካቶ ያለው ፈተና

ዕቅዱ የሚቆጥረው በመኖሪያ ቤት ነው። መርካቶ ግን ቀን ላይ የሚሞላው ከሌላ አካባቢ በሚመጣ ሰው ነው፤ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ሊስትሮውና ከአውቶቡስ ተራ የሚወርደው መንገደኛ የሚኖሩት ሌላ ወረዳ ወይም ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። በሠፈሩ የሚኖረውም ሰው ቢሆን በሥራ ሰዓት ቤቱን ዘግቶ ይወጣል።

ይህ ክፍተት ጎልቶ የሚታየው እንደ ሳንባ ነቀርሳ ባሉ በሽታዎች ላይ ነው። በሽታው በተጨናነቀና አየር በማይገባበት ቤት በቀላሉ ይተላለፋል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር የሚወስድ ሲሆን መድኃኒቱን ማቋረጥ በሽታው መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል። በቀን ገቢ የሚተዳደርና በየጊዜው ማደሪያ የሚቀይር ተሸካሚ ሕክምናውን ቢያቋርጥ በቤት አድራሻ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ገበያ የሚሠማራ ባለሙያ ከሕክምና ዕውቀት ባሻገር የየተራውን የሥራ ሰዓት ማወቅ፣ ሰውን በሥራ ቦታው ማነጋገርና ከሌላ ወረዳ ባልደረቦች ጋር መረጃ መለዋወጥ ያስፈልገዋል።

ቀጣይ ለውጦች

ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ የቤተሰብ ጤና ቡድን የተባለ አሠራር ተጀምሯል። በዚህ አሠራር የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጋር በአንድ ቡድን ሆነው ይሠራሉ፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለድኻ ቤተሰቦች ነው።

ደግሞ ይዩ፦ መርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንባ ነቀርሳ