ፕሮግራምን የሚፈትን ኮምፒዩተር እንዴት ይሰናዳል?

ደመወዝን የሚያሰላ፣ ግብርን የሚመዘግብ፣ የመዝገብ ቤትንም ሥራ የሚያቀልል የኮምፒዩተር ፕሮግራም በዛሬው ዘመን ለመሥሪያ ቤት የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ በተሻሻለ ቁጥር ግን የቀድሞው አሠራሩ አለመበላሸቱን ሰው ተቀምጦ ቢመረምር ድካሙ ብዙ ስለሚሆን፣ ምርመራውን ሌላ ፕሮግራም እንዲፈጽመው ይደረጋል። ይኸውም ፈታኝ ፕሮግራም ማውሱን እያንቀሳቀሰና ጽሑፍ እየጻፈ፣ ያገኘውን ውጤት ከሚጠበቀው ጋራ ያስተያያል።

ነገር ግን ፈታኙ እንደ ሰው አስተዋይ አይደለም። አንድ ማስታወቂያ በድንገት ብቅ ቢል ሰው ገለል አድርጎት ሥራውን ይቀጥላል፤ ፈታኙ ግን የሚፈልገው ቁልፍ ስለሚሸፈንበት «ፕሮግራሙ ወደቀ» ብሎ ይመሰክራል። ይህን የመሰለ የሐሰት ምስክርነት ሲደጋገም ሠራተኞች ማስጠንቀቂያን መናቅ ይለምዳሉ፤ እውነተኛው ስሕተት የመጣ ዕለትም ሳይታይ ያልፋል። ጉግል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ ገለጸው፣ ከፈተናዎቹ 16 በመቶ የሚጠጉት ፕሮግራሙ ሳይለወጥ አንዳንዴ የሚያልፉ፣ አንዳንዴ የሚወድቁ ነበሩ።

እንግዲህ መድኀኒቱ ምንድን ነው? አንዱ ዋና መድኀኒት የፈተናውን ዴስክቶፕ ዘወትር አንድ ዓይነት ማድረግ ነው።

አንደኛ፣ ለፈተና ብቻ የሚያገለግል ቨርቹዋል ማሽን ይመደብ፤ ከፈተና በኋላ አስቀድሞ ወደ ተቀመጠው ንጹሕ ሁኔታው ሊመለስ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ የስክሪኑ መጠን፣ ለምሳሌ 1920 በ1080 ፒክስል ተብሎ ይወሰን፤ መጠኑ ሲለወጥ የቁልፎቹም ቦታ ይለወጣል።

ሦስተኛ፣ ስክሪኑ እንዳይቆለፍ፣ ማስታወቂያና ማሻሻያም በፈተና ሰዓት እንዳይመጣ ይደረግ። በሊኑክስ ላይ ኤክስቪኤፍቢ የተባለው መሣሪያ ስክሪኑን በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ስለሚፈጥር፣ እውነተኛ ስክሪን እንኳ አያስፈልግም።

አራተኛ፣ ቋንቋው፣ የሰዓት ክልሉና ፎንቱ ይወሰኑ። የግዕዝ ፊደል ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር የአማርኛ ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል፤ ጉድለቱ ግን የኮምፒዩተሩ እንጂ የፕሮግራሙ ላይሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ ፈታኙ «5 ሰከንድ ጠብቅ» ከሚባል «ቁልፉ እስኪታይ ጠብቅ» ቢባል ይሻላል፤ ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ ሲፈጥን ሌላ ጊዜ ይዘገያልና።

የሚወዛወዝ ሚዛን የእህሉን ልክ አይናገርም። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤትዎ ፕሮግራም በሚረከቡበት ጊዜ «ፈተናውን አልፏል» በሚል ቃል ብቻ ሳይረኩ፣ ፈተናው በምን ሁኔታ በተሰናዳ ኮምፒዩተር እንደ ተደረገ ይጠይቁ።