ባላገር ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሹም ሊያስብለት ስለሚገባው ነገር

ጎልማሳ ባላገር ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ ወደ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ፣ የወረዳው ሹም ብዙ ጊዜ ስንፍና ነው ብሎ ይፈርድበታል። ነገሩን መርምሮ ላየው ሰው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የአባት መሬት ለልጆች እየተከፈለ ሲሄድ ድርሻው ያንሳል፤ አዝመራው ከገባ በኋላም እጅ ሥራ ይፈታል፤ የልብስና የጨው፣ የመድኃኒትና የትምህርት ገንዘብ ግን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ መንገደኛውን በቁጣ ከመመለስ ይልቅ፣ እርሱ በሄደበት የሚቋቋምበትን፣ መሬቱም ጦም የማያድርበትን መንገድ ማሰብ ይሻላል።

ከተማይቱ ራስዋ ጸንታ የቆየችው በተክል ረዳትነት ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ግርጌ በፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ ወዲህ ሕዝቡ እየበዛ ሄዶ በአካባቢው ያለው እንጨት አለቀ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ነገር ግን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አድጎ ማገዶና የቤት እንጨት ስለ ሰጠ፣ አዲስ አበባ በቦታዋ ቀረች። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ በደረሰ ጊዜ ንግድ በዛ፤ ከየአገሩ የሚመጣውም ሰው ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም።

ከመጡትም መካከል የጉራጌ ሰዎች መልካም ምሳሌ ናቸው። የአገራቸው ምግብ እንሰት፣ እንደ ጤፍ በየዓመቱ የሚዘራ ሳይሆን፣ በጓሮ ለብዙ ዓመት ቆሞ የሚያድግ ነው፤ ከተፋቀም በኋላ ቆጮው በጉድጓድ ተቀብሮ ይቆያል። መቆፈሩና ማዛወሩ የወንድ፣ መፋቁ የሴት ሥራ ስለሆነ፣ ባልየው ጥቂት ወራት በከተማ ቢቆይ ቤቱ አይራብም። ለመስቀልም ወደ አገሩ ይመለሳልና ከዘመዱና ከመሬቱ አይቆረጥም። በከተማም ዕቁብ ይጥላል፤ ይኸውም ማኅበርተኞች በየጊዜው እኩል ገንዘብ አዋጥተው በዕጣ በየተራ የሚወስዱት ነው። በዕድርም ይገባል፤ ሞት ቢያገኘው ቀባሪና አልቃሽ አያጣም።

የጤፍ አገር ሰው ግን እንዲህ አይመቸውም። ማሳው ደጋግሞ መታረስ አለበት፤ በሸዋ ደጋ በሐምሌ ይዘራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። አራሹ በእርሻ ወራት ከሌለ የዓመቱ እህል ቀረ ማለት ነው። በከተማም ዘመድ የሌለው እንግዳ፣ ሥራ ሳያገኝ የቤት ኪራይ ይጠየቃል፤ ሥራ ቢያገኝም ዋስ አምጣ ይባላል። ዋስ ያጣ ሰው፣ ጉልበትና ሞያ እያለው፣ ስንቁን ጨርሶ በደጅ ያድራል።

እንግዲህ ከሹም ሦስት ነገር ይፈለጋል። አንደኛ፣ ማንነቱንና አገሩን የሚያስረዳ ወረቀት ያለ መጉላላት ይስጠው። ለሹሙ ጥቂት መስመር የሆነች ወረቀት፣ ለሄደው ሰው የእንጀራ በር ናትና። ሁለተኛ፣ መሬቱን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት በእኩል ወይም በኪራይ ሲሰጥ፣ ውሉ በምስክር ፊት ይጻፍ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በአንዳንድ ክልል ሕግም ለረጅም ጊዜ ከአገሩ የራቀ ሰው ይዞታውን ሊያጣ ይችላል። ይህንን ከመሄዱ በፊት ሊነግሩት ይገባል፤ ከተመለሰ በኋላ ቢነግሩት ግን ከጠብና ከክስ በቀር ትርፍ የለውም። ሦስተኛ፣ የሚሄድ ሰው አዝመራውን አስገብቶ በጥር እንዲነሣ፣ የሚያርፍበትን ዘመድ አስቀድሞ እንዲጠይቅ፣ ለኪራይና ለምግብ የሚሆን ገንዘብ እንዲይዝ ይምከሩት።

ሳይሳካለት የተመለሰ ቢኖር አይዘበትበት። በወንጌል የተነገረው አባት የጠፋውን ልጁን ገና በሩቅ ሳለ ሮጦ ተቀበለው እንጂ በደጅ አቁሞ አልመረመረውም። መዘባበቻ እንዳይሆን የሚፈራ ሰው ግን በከተማ በረሃብ ቢቸገርም ወደ አገሩ አይመለስም፤ መሬቱም አራሹን እንዳጣ ይቀራል።