ቀላል መኪና በእንጦጦ ዳገት፦ አሞርዛተር እንዴት ይመረጣል?

ከየካ ሰፈሮች ተነስቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣ ሹፌር በአጭር ጉዞ ሦስት ዓይነት መንገድ ያገኛል። የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን አለ፤ አስፋልቱን የሚያቋርጡት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ የሚጠማዘዘው ዳገት ይመጣል። ኮብልስቶን ጎማን ቶሎ ቶሎ ያንቀጠቅጣል፣ ጉብታው አንድ ጊዜ ገፍቶ ይለቃል፣ ኩርባው ደግሞ የመኪናዋን አካል ቀስ ብሎ ያጋድላል። ሦስቱንም የሚመልሰው አንድ ዕቃ ነው፤ አንዳንዱ ሾክ፣ ሌላው አሞርዛተር ይለዋል።

እውነተኛ ስፖርት መኪና በአዲስ አበባ ብርቅ ነው። ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ግብር አንሮታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ መንዳት የሚወድ ሰው በእጁ ያለችውን ያሻሽላል። ቮልስዋገን፣ ስታርሌት፣ ቪትዝ፣ የድሮ ኮሮላ፣ ሁሉም ክብደታቸው 1 ቶን አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። በክብደት ካየናቸው ከታወቁት ቀላል ስፖርት መኪኖች አይርቁም፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ከ1 ቶን በታች ነበረች። ስለዚህ ለእሷ የሚሠራው የአሞርዛተር ሕግ ለየካዋ ቪትዝም ይሠራል።

ብዙ ሰው አሞርዛተር መኪናውን የሚሸከም ይመስለዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ግን ሞላው ነው። ሞላ ሲጨመቅ ኃይል ያጠራቅማል፣ ሲለቅ መኪናዋን መልሶ ወደ ላይ ይገፋል፤ የሚገታው ከሌለ ደጋግሞ ያነጥራል። የአይሱዙ ባሌስትራ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ንጥረቱን በከፊል ራሱ ያበርዳል። የቤት መኪናው ጥምዝ ሞላ ግን ይህ ፍትጊያ የለውም፤ የሚያበርድለት ሌላ ዕቃ ያስፈልገዋል።

በአሞርዛተሩ ውስጥ በዘንግ ጫፍ የታሰረ ፒስተን ዘይት ውስጥ ይመላለሳል። ፒስተኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳዎቹን የሚከድኑት እንደየግፊቱ የሚለጠጡ ስስ የብረት ክቦች ናቸው። ነገሩ የሕክምና መርፌን እንደ መግፋት ነው፤ ቀስ ብለው ሲገፉት ይታዘዛል፣ በኃይል ሲገፉት ይከብዳል። ዘይቱ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ይሞቃል፤ የመንገዱ ንጥረት በዚህ ዓይነት ወደ ሙቀት ተለውጦ በቱቦው ግድግዳ ወደ አየር ይወጣል።

እንግዲህ ሱቅ ገብቶ «ጠንካራውን ስጠኝ» ማለት ስህተት የሚሆነው ለምንድን ነው? ትንሽ ሒሳብ ይመልሰዋል። 900 ኪሎ የምትመዝን መኪና በአንድ ጎማዋ ላይ በግምት 200 ኪሎ አካል ታሳርፋለች፤ ቀሪው የጎማዎቹና የፍሬኖቹ ክብደት ነው። ያንን 200 ኪሎ በምቾት የሚሸከም ሞላ የተወሰነ ልክ ያለው ገቺ ይፈልጋል። መኪናዋ እጥፍ ብትከብድና ሞላዋም እጥፍ ቢጠነክር፣ የሚያስፈልጋት የመግታት ኃይልም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለ1,800 ኪሎ መኪና የተሠራ አሞርዛተር ለቀላሏ መኪና ሁለት እጥፍ ይበዛባታል።

የሚበዛባት ምቾት በመንሳት ብቻ አይደለም። ጎማው ጉብታውን ሲያልፍ ወዲያው ወርዶ አስፋልቱን መያዝ አለበት። አሞርዛተሩ ከልክ በላይ ከጠጠረ ሞላው ጎማውን በጊዜ መልሶ መግፋት ያቅተዋል፤ ጎማው ለቅጽበት አየር ላይ ይቀራል። ከኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ሲወርዱ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ኩርባው መሃል ላይ ይህ ቢሆን፣ አየር ላይ ያለ ጎማ መኪናንም አያቆም፣ መሪንም አይሰማ። በከባድ መኪና ላይ የአካሉ ክብደት ጎማውን ወደ ታች ያስገድደዋል፤ ቀላሏ ይህ ዕድል የላትም። ጎማዋና ፍሬኗ ከአካሏ ጋር ሲነጻጸሩ ከባድ ስለሆኑ፣ እነሱ ሲዘሉ እሷም አብራ ትዘላለች።

ጥሩ አሞርዛተር ሁለት ጸባይ ሊኖረው የሚገባውም ለዚህ ነው። ፒስተኑ በዝግታ ሲሄድ፣ ማለትም መኪናዋ በኩርባ ስታጋድል ወይም በፍሬን አፍንጫዋን ስትደፋ፣ ጠንከር ማለት አለበት። ፒስተኑ በፍጥነት ሲሄድ፣ ማለትም ኮብልስቶንና ጉድጓድ ሲመታው፣ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው ዘይቱን ማሳለፍ አለባቸው። በርካሽ ዕቃና በተዋጣለት ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው እነዚያ ስስ ክቦች ናቸው። ርካሹ ለኩርባ ሲጠነክር ለኮብልስቶንም አብሮ ይጠነክራል፤ ለኮብልስቶን ሲለሰልስ በኩርባ ይወዛወዛል።

ገበያ ላይ የሚገኙት በአሠራር ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በቱቦ ውስጥ ሌላ ቱቦ ያለው ነው፤ አብዛኛው የቤት መኪና ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ይህንኑ ነው። ዋጋው ይቀላል፣ የውጪው ግድግዳ በድንጋይ ቢጎደጉድ እንኳ ፒስተኑ በውስጠኛው ቱቦ ስለሚሄድ ሥራውን ይቀጥላል። በረጅም ኮረኮንች ላይ ሲግል ግን ዘይቱ ከአየር ወይም ከጋዝ ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ አይገታም። ሁለተኛው ባለ አንድ ቱቦ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ደ ካርቦን ያበለጸገውን ይህን አሠራር ቢልስታይን በ1957 እ.ኤ.አ. ለመርሴዲስ መኪኖች በብዛት አመረተው። ከፍተኛ ግፊት ያለውን ናይትሮጅን ከዘይቱ የሚለየው ተንሸራታች ክዳን ነው፤ ስለዚህ ዘይቱ በቀላሉ አረፋ አይሠራም፣ ሙቀቱም ቶሎ ይወጣል። ጉድለቱ ግድግዳው ራሱ የፒስተኑ መንገድ መሆኑ ነው፤ አንድ ድንጋይ በደንብ ከመታው ፒስተኑ ይነክሳል።

ከከተማ ለማይወጣ፣ ሰንበት ሰንበት እንጦጦ ለሚወጣ ሰው፣ እንደ ካያባ ያለ ጥሩ ባለ ሁለት ቱቦ በጋዝ የተሞላ አሞርዛተር ይበቃዋል። ባለ አንድ ቱቦው ዋጋውን የሚያወጣው ፈጥኖና ለረጅም ጊዜ ለሚነዳ ነው። የሚስተካከል ዓይነትም አለ፤ የኮኒ ቢጫው ለምሳሌ የሚስተካከለው ሞላው ሲመለስ ያለውን ኃይል ብቻ ነው። ይህም ለቀላል መኪና ብልህነት ነው፤ ወደ ላይ የሚመታውን ሳያጠብቅ አካሉን ይገታል። የማስተካከያ ዕድል አለ ተብሎ ግን እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ዕቃውን መልሶ የጠጠረ ርካሽ ማድረግ ነው።

ሞላን መቁረጥ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ስድስት የሚሠራ ጥምዝ ካለው ሞላ አንዱ ቢቆረጥ የቀረው ሞላ 20 በመቶ ይጠነክራል። መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ የአሞርዛተሩ የመውረጃ ቦታ ያጥራል፣ የየካ ጉብታ ሲመጣ ዘንጉ ከማቆሚያው ጎማ ጋር ይላተማል። በተቃራኒው ለኮረኮንች ብሎ ሞላ ሥር ድጋፍ አስገብቶ ከፍ ማድረግ ዘንጉን ወደ ጫፉ ያስጠጋዋል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የሚወርድበት ቦታ ያጣል። ሁለቱም ያለ ተመጣጣኝ አሞርዛተር አይሆኑም። የድሮዋ ቮልስዋገን ከዚህ ትለያለች፤ ሞላዋ የሚጠማዘዝ ብረት ስለሆነ አሞርዛተሯ ለብቻው በቡሎን ታስሮ ይቆማል፤ ለመቀየር ከሁሉም ትቀላለች። የቪትዝ የፊት አሞርዛተር ግን ሞላውን ተሸክሞ ጎማውንም ይይዛል። እሱን ለመፍታት የሞላ መጭመቂያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የተፈታ ሞላ ሰው ይጎዳል። ከተቀየረ በኋላ ጎማውን አላይመንት ማስገባትም ግድ ነው።

ከመግዛት በፊት ያለውን መመርመር ይቀድማል። የመኪናዋን ጥግ በእጅ ተጭኖ ሲለቁት ተነስታ በአንድ ጊዜ መርጋት አለባት፤ ደግማ ከነጠረች አሞርዛተሩ ሞቷል። ይህ ፍተሻ ግን የሚይዘው ጨርሶ የሞተውን ነው፤ የደከመውን የሚናገረው ጎማው ነው። የጎማውን ፊት በመዳፍ ዙሪያውን ሲዳብሱት ሞገድ ሞገድ ካለ፣ ጎማው ሲዘል ሲያርፍ መክረሙ ነው። ቱቦው ላይ ያለ ቀጭን የዘይት ወዝ አያሳስብም፤ የሚንጠባጠብ ዘይት ግን ማለፍ የለበትም።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ አሞርዛተር ተወልውሎ ይሸጣል፤ ከውጭ ሲያዩት ስላማረ ውስጡ ደህና ነው ማለት አይደለም። አዲስ መግዛት፣ ሁለቱንም የፊት ወይም ሁለቱንም የኋላ አብሮ መቀየር፣ የላይኛውን መቀመጫና ጎሚኒ አብሮ ማደስ ይሻላል። ጋራዥ ውስጥም ባለ ሁለት ቱቦውን ከመግጠም በፊት ቀጥ አድርጎ አቁሞ ጥቂት ጊዜ መግፋትና መሳብ አለ፤ በማጓጓዝ የገባው አየር በዚህ ይወጣል። የሚያብረቀርቀው ዘንግ በፒንሳ መያዝ የለበትም፤ አንድ ጭረት ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ ይበላዋል። የጎሚኒው ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው ደግሞ መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ስትቆም ነው፤ ተንጠልጥላ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ደህና ጎማና ያልተነካ የፋብሪካ ሞላ፣ ቀጥሎ ለመኪናዋ ክብደት የተሠራ አሞርዛተር፣ ማስተካከያና ዝቅ ማድረግ ከሁሉም በኋላ። በትክክል የተመረጠ አሞርዛተር የሚታወቀው በኩርባ ላይ ብቻ አይደለም፤ በኮብልስቶኑ ላይ መሪው እጅ ሳያደነዝዝ፣ ከጉብታው በኋላ መኪናዋ በአንድ ንጥረት ከረጋች ምርጫው ሰምሯል።