ስለ ኦቶሞቢል የፊት መብራት አጠባበቅ

ኦቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ በመጀመሪያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የብዙዎቹ ኦቶሞቢሎች መብራት በአሴቲሊን ጋዝ የሚነድ ነበረና ነጂው ወርዶ በክብሪት ይለኩሰው ነበር። ዛሬ ግን አንድ ጣት ይበቃል፤ ስለዚህም መብራቱን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው።

ማታ በኃይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ የቆመ ሰው፥ አንዱ መኪና ባንድ ዓይን ሲመጣ፥ ሌላው ረጅሙን መብራት ለቆ የፊተኛውን ሲያሳውር ያያል። ባንድ ዓይን የሚመጣውን እግረኛው ሞተር ብስክሌት ነው ብሎ ይገምትና ልጁን በእጁ ይዞ ይሻገራል።

በዛሬው ጊዜ የመብራቱ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለ ሆነ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፥ ቢጫም ያደርገዋል። በጥርስ ሳሙና መፈተግ ለጥቂት ቀን ያሳምራል እንጂ አይጸናም፤ በውሃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ከፀሐይ የሚከላከለውን ቅብ መቀባት ይገባል።

ሃሎጂን የሚባለውን አምፑል ሲለውጡ መስታወቱን በባዶ ጣት አይንኩ፤ የጣት ወዝ ሲግል መስታወቱን ይጎዳዋልና። እኔ ይህን ሳላውቅ ምሳ በበላሁበት እጅ ያገባሁት አምፑል፥ በሦስተኛው ሌሊት ከልጆቼ ጋራ ስመለስ ጠፋብኝ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መለወጥ ይሻላል፤ እኩል ዘመን የሠሩ ናቸውና አንዱ ከሄደ ሁለተኛው ብዙ አይቆይም። ከዚህ በኋላ መኪናውን በግድግዳ ፊት ለፊት አቁሞ የሁለቱ ብርሃን ከፍታ እኩል መሆኑን መመልከት ነው።